በካፖርቱ ኪስ የቀረው ቁልፍ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ በሚዛን ያጎደልኩትን፣ አሮጌውን ቀለም ቀብቼ አዲስ ነው ያልኩትን ሁሉ ነግሬ፣ እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬዋለሁ። አሁንም በአማርኛ የምጽፈው ልጆቼ ስለማያነቡት ነው። ነገሩ በጠቅላላው ምን አስወጣህ ብትሉኝ፣ አንድ ሳህን ምሳና የምጽዋ አውቶቡስ ደርሶ መልስ ነው። ሌላ አልከፈልኩም።

ነፃነት በመጣ በሁለተኛው ዓመት፣ አስመራ፣ ዓባ ሻውል ሰፈር ጫፍ ላይ አሮጌ መለዋወጫ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። ከምጽዋ የሚመጡ ደንበኞች በስስ ሸሚዝ ከአውቶቡስ ይወርዱና የደጋው ብርድ ያንቀጠቅጣቸዋል። ስለዚህ ከበሩ ጀርባ አንድ ትልቅ ካፖርት ሰቅዬላቸው ነበር፤ የመጣው ለብሶት ገበያውን ይዞራል፣ ሲጨርስ መልሶ ይሰቅለዋል። ሰው ደግ ነው ይለኝ ነበር። ደግነት አልነበረም። ካፖርት ሊመልስ የገባ ሰው ባዶ እጁን አይወጣም።

ከለባሾቹ አንዱ ኢድሪስ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነው። እሱና ታናሽ ወንድሙ ኦስማን ከፖርት ሱዳን ስደት ሲመለሱ ይዘውት የመጡት ሀብት አንዲት የቤንዚን ሞተር ያላት ጀልባ ነበረች። እንደ ማኪና በቁልፍ ነበር የምትነሳው። ኢድሪስ ቁልፉ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ እንዲንሳፈፍ የጠርሙስ ቡሽ አስሮበታል። ቡሹን ከፍ አድርጎ እያሳየ «ባሕር ይህን አይሰርቀኝም» ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ገመድ ሊገዛ መጣ። ካፖርቱን ለበሰ፣ ዞረ፣ ምሳ ጋበዝኩት፣ ካፖርቱን ሰቅሎ ሄደ። ትንሽ ቆይቼ ኪሱን ዳበስኩ። ለምን ዳበስኩ? ልማዴ ነው፤ ሰው በተዋሰው ኪስ ውስጥ ይረሳል። ቡሹ እጄ ላይ መጣ።

የምጽዋው አውቶቡስ ገና አልተነሳም ነበር። ፌርማታው ከሱቄ ቢርቅ ሁለት መንገድ ነው። ሮጬ መስጠት እችል ነበር። ባልደርስበትም በማግስቱ ለሾፌሩ ብሰጠው ያደርስለታል፤ ሁላችንም ዕቃ የምንላላከው እንደዚያ ነበር። እኔ ግን ዓይኔን ወደ መደርደሪያው አነሳሁ። እዚያ አንድ የማኪና ማስነሻ ከነቁልፉ ተቀምጧል፤ ከተቃጠለ ወታደራዊ ካሚዮን የተፈታ፣ ስምንት ወር ሙሉ ዋጋውን እንኳ ማንም ያልጠየቀው። ቢላ አነሳሁ። ቡሹን ቆረጥኩ። ቁልፉን በሽቦ ከደረደርኳቸው ሁለት መቶ ከሚሆኑ አሮጌ ቁልፎች መካከል ሰካሁት። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሰይጣን አሳስቶኝ ነው አልልም፤ ሰይጣን ስለ መለዋወጫ ዋጋ ምን ያውቃል?

በማግስቱ ረፋድ ላይ ኢድሪስ እየተንቀጠቀጠ ገባ።

«ተኽለ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ቁልፌን አላየህም?»

«የምን ቁልፍ?»

«የጀልባዋን ነዋ፣ ባለቡሹን። መረባችን ባሕር ውስጥ ነው ያለው። ነገ ጠዋት ካላነሳነው ዓሣውም ይበሰብሳል፣ መረቡም ይበጣጠሳል። ሌላ መረብ የለንም።»

ካፖርቱን ራሱ አውርዶ ኪሶቹን ገለበጠ። እኔም አብሬው ወለሉን ፈለግኩ፤ አዎ፣ ተንበርክኬ ፈለግኩለት። ከዚያ ያን የቁልፍ ሽቦ አነሳና አንድ በአንድ እየገፋ አየ። ጣቱ የራሱን ቁልፍ ነክቶ አለፈ። ዓይኑ የሚፈልገው ቡሽ ነበር። እኔ ሚዛኔን እወለውል ነበር።

«እና ምን ይሻለኛል?» አለ።

«ማስነሻውን ከነቁልፉ ቀይረው።»

ያወረድኩለትን ዕቃ አገላብጦ አየው። «ይሄ ጀርባው ክፍት ነው እኮ። የእኛው በጎማ የተደፈነ ነው።»

«ካሚዮን ያስነሳ ጀልባ ያቅተዋል?»

ሳቀ። ሳይከራከር ከፈለና «የቐንየለይ» ብሎ አመስግኖኝ ወጣ።

አላውቅም ነበር ማለት እችላለሁ? ሥራዬ ነው። የዚያች ጀልባ ሞተር በክዳን ሥር እንደሆነ፣ የቤንዚን ትነት እዚያ እንደሚታመቅ፣ ክፍት ማስነሻ ደግሞ ቁልፉ ሲዞር ብልጭታ እንደሚተፋ አውቅ ነበር። «ጀርባውን ሳትደፍን እንዳትነካው» ብለው ምን ይጎድልብኝ ነበር? ገዢው ሐሳቡን ይቀይራል ብዬ ዝም አልኩ። ቁልፉን የሰረቅኩት አንድ ጊዜ ነው፤ በዝምታዬ ግን ደግሜ ሰረቅኩት።

ወሬውን የነገረኝ የአውቶቡሱ ሾፌር ነው። ኢድሪስ ዳር ቆሞ ገመድ ሲፈታ ኦስማን ቁልፉን አዞረ፤ ጀልባዋ ከእግሩ ሥር ነደደች። ኦስማን ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ሞተ።

ለቅሶ ልደርስ ምጽዋ ወረድኩ። ሰው ጥይት በበሳሳው ግድግዳ ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ኢድሪስ እንዳየኝ ተነስቶ አቀፈኝና ለጎረቤቶቹ «ይህ ሰው ተንበርክኮ ነው የፈለገልኝ» አላቸው። ቦታ ለቀቁልኝ። ሻሂ ሰጡኝ፤ ጠጣሁ።

«የአላህ ፈቃድ ነው» አልኩት።

«አላህ ቁልፍ አይጥልም፣ ተኽለ። የጣልኩት እኔ ነኝ። ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

መናገር የነበረብኝ እዚያ ላይ ነበር። ለምን አልተናገርኩም? ይገድሉኛል ብዬ ፈርቼ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ፍርሃት እንኳ የሰው ነው። እኔ ያሰብኩት የምጽዋ ደንበኞቼን እንዳላጣ ነው።

ኢድሪስ ከዚያ ወዲህ ባሕር አልወጣም። ወደቡ ላይ ጆንያ ተሸካሚ ሆነ። አስመራ በመጣ ቁጥር ከፌርማታው እስከ ሱቄ ድረስ ዓይኑን ከመሬት አያነሳም ነበር። ስንት ዓመት አልፎም ቁልፉን ይፈልግ ነበር። አንድ ጊዜ «ምናልባት የጎርፍ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። «ይሆናል» አልኩት። ያን ጊዜ ቁልፎቹን ከነሽቦአቸው በኪሎ ለብረት ቀጥቃጮች ሸጬ ነበር።

ይቅርታ አልጠይቃችሁም። ይቅር ማለት የሚችሉት ሁለት ሰዎች ነበሩ። ኢድሪስ መታመሙን ሲልኩብኝ ሥራ በዛብኝ ብዬ ቀረሁ፤ በወሩ አረፈ። እናንተ በእነሱ ፈንታ ይቅር ብትሉኝ በሰው ዕቃ መነገድ ይሆንባችኋል፤ ያ ደግሞ የእኔ ሥራ ነው።

ሒሳቡ ይኸው ነው። ኦስማን ሞተ። ኢድሪስ ወንድሜን ገደልኩ እንዳለ ኖሮ ሞተ። እኔ ሰማንያ ብር አተረፍኩ።