ካያኩ ላይ የተነሳው ማን ነበር?

ይህን ነገር ለማንም ተንፍሼው አላውቅም። ልጄ አያውቀውም፤ ባለቤቴም ሳትሰማው አርፋለች። በእኛ ጉባኤ የንስሐ አባት የሚባል ነገር የለም፤ ሰው ከእግዚአብሔር ጋር በቀጥታ ነው የሚነጋገረው። እኔ ግን ቀጥታውን ፈርቼ ሰባት ዓመት ዙሪያውን ስዞር ኖርኩ። እንግዲህ የማላውቅህ አንባቢዬ፣ ዛሬ አንተ ላይ ወድቄያለሁ።

ከዚያን ቀን ቂልነቴ ልጀምር። ውኃ ላይ የሚያንሳፍፈው ጃኬት፣ እዚህ ሁላችንም ሽቪምቬስተ የምንለው፣ ሁለት ነበረን። አንዱን ለበስኩ። ሁለተኛውን አጣጥፌ የጀልባችን ሞተር ባትሪዎች እንዳይንገጫገጩ ከሥራቸው አነጠፍኩት። አዎ፣ የሰው ነፍስ ማዳኛ ለባትሪ ፍራሽ አደረግሁ። ባትሪዎቹ እጅግ ተመችቷቸው ነበር።

ያ ጃኬት የሃጂ ኢድሪስ ነበር። ሃጂ አስመራ ተወልደው፣ በአማርኛ ተምረው፣ ፍራንክፈርት ውስጥ አውቶቡስ ሲያጥቡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በአራት ዓመት ይበልጡኛል። እኔ ደግሞ መጋዘን ውስጥ የዕቃ ማንሻ መኪና ባትሪ ስሞላ ነው ያረጀሁት። ጡረታ ከወጣን በኋላ ሁለታችንን ያገናኘን ዓሣ ነው። ጉትሎይት ሰፈር፣ ከማይን ወንዝ ዳር ቬስትሃፈን ወደብ ላይ መንጠቆ ጥለን እንውል ነበር፤ ዓሣው አይመጣም፣ ወሬው ግን ይመጣል።

በኋላ ካያክ የሚሉትን ጠባብ ጀልባ፣ አንድ አሮጌ ባለ ሁለት መቀመጫ ገዛን። መቅዘፉ ግን ለእኔ ትከሻ፣ ለእሳቸውም ወገብ አልሆነም። ስለዚህ እኔ ሊቁ ተነሳሁ። አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ከኋላ አሰርኩ፤ ከድሮ መሥሪያ ቤቴ የተጣሉ ሁለት ባትሪዎችን ለምኜ አመጣሁና ከመቀመጫዬ ጀርባ ደረደርኩ። ልክ እንደ ሁለት የጠገቡ በጎች ከባድ ነበሩ። የካያኩ ቂጥ ውኃ ውስጥ ገባ፣ አፍንጫው ወደ ሰማይ ቀና። ይህን አይቼ ማሰብ አልነበረብኝም? ነበረብኝ። አሰብኩ? «መልኩ የመርከብ ሆነ» ብዬ ተደሰትኩ።

ሃጂ ፊት ተቀምጠው ዞር አሉና፣ «ኢንጂነር፣ የእኔ ጃኬትስ?» አሉኝ።

«ከዳር አንርቅም ሃጂ፤ ምን ያደርግልዎታል?» አልኩ።

ልብ በል አንባቢዬ። ጠይቀውኛል። በአፋቸው ጠይቀውኛል።

ሞተሯን ስጭናት ተነሳች። ድምፅ የላትም፣ እንደ ድመት ነው የምትሄደው። ሃጂ እየሳቁ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ እኮ እኔ ሳጥበው ከኖርኩት አውቶቡስ ይሻላል! ፌርማታ ላይ አቁመህ ሰው ጫንበት!» አሉ። እኔም ልቤ አበጠ። ከዳር አንርቅም ያልኩት ሰውዬ ወደ መሐል ነዳሁት።

ያኔ ነው ዳር ላይ ነጭ ነጠላ የደረበች ረዘም ያለች ሴት እጇን ስታውለበልብ ያየሁት። የባለቤቴ ታላቅ እህት እትዬ ጽጌ መሰሉኝ። እትዬ ጽጌ ቦርንሃይም ሰፈር ነው የሚኖሩት፤ እሳቸውን ተቀምጦ ሰላም የሚል ወንድ በቤተሰባችን ገና አልተወለደም። አላሰብኩም። እጄን ከሞተሯ አነሳሁ፣ ተነሳሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ።

ካያክ ላይ። ማይን ወንዝ መሐል። ስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ሴትዮዋ እትዬ ጽጌ አልነበረችም። ነጭ ሻርፕ ያደረገች ጀርመናዊት ነበረች፤ ያውለበለበችውም አሸዋ የጫነ መርከብ ከኋላችን እየመጣ ስለነበር ነው። ይህን ያወቅሁት ውኃው አፌን ከሞላው በኋላ ነው።

ስለ ፍርሃት ብዙ ሰው ሲያወራ ሰምቻለሁ፤ እኔም አውርቻለሁ። ያን ቀን ያየሁት ግን ሌላ ነው። ውኃው ጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል። ካያኩ ተገልብጦ ሞተሯ አየር ላይ ትሽከረከራለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ለወጣት ሠራተኞች «አሥራ ሁለት ቮልት ሰው አይገድልም» ስል የኖርኩ ሰው፣ ያኔ ኮረንቲው በውኃው መጥቶ የሚጨርሰኝ መስሎኝ እግሬን ሰብስቤ ተንቀጠቀጥኩ። ሃጂስ? ሃጂ ዋና አያውቁም። ለአንድ አፍታ ምንም አልታየኝም፤ ኮፍያቸው ብቻ ተንሳፍፎ ሲሄድ አየሁ። ከዚያ አንድ እጅ ከሥር ወጥቶ የጃኬቴን ማሰሪያ ያዘ። ያዘና ጎተተኝ። ሁለታችንም በአንድ ሰው ጃኬት ላይ ተንጠለጠልን። የመርከቡ ጥሩንባ ደረቴ ውስጥ ሲጮህ ዛሬም ይሰማኛል።

መርከቡ ለጥቂት ስቶን ካለፈ በኋላ የጀልባ ቀዛፊ የሆኑ ሁለት ልጃገረዶች ደርሰው ወደ ዳር ጎተቱን። እስከዚህ ድረስ ያለው ቂልነት ነው። ቂልነትን እግዚአብሔር ይቅር ይላል ብዬ አምናለሁ፤ ባይሆን እኔ እስከ ዛሬ አልኖርም ነበር። ወንጀሌ የተሠራው ደረቅ መሬት ላይ ነው።

አምቡላንሱ ጋ ብርድ ልብስ ተጠቅልለን ተቀምጠን ሳለ የሃጂ ልጅ ዘይነብ ከሥራ ቦታዋ እየሮጠች መጣች። «ጋሽ ግርማ፣ ምንድን ነው የሆነው? ማነው ያጠፋው?» አለችኝ። በዚያው ሳምንት የገዛ ልጄ የአረጋውያን ቤት ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦልኝ ነበር። ምድጃ ላይ ድስት ረስቼ፣ «አባዬ፣ ዳስ ጌት ኒሽት ሜር፤ በቃ፣ አልሆነም» ብሎኛል። ካያክ ላይ ለሰላምታ ቆሜ ሰው ልገድል እንደነበር ቢሰማ ፊርማዬንም አይጠብቅም። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ በአእምሮዬ አለፈ። አፌም ተከፈተ።

«ሃጂ ድንገት ተነሱ» አልኩ። «ጃኬቱንም አልለብስም ብለው ነው።»

እኔ ነኝ ያልኩት። እኔ ነኝ የተነሳሁት፣ እኔ ነኝ ጃኬቱን የከለከልኩት፣ እኔ ነኝ ያልኩት።

ሃጂ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ቀና አሉ። «እኔ? እኔ መቼ ተነሳሁ?»

ዘይነብ ትከሻቸውን አቀፈችና፣ «ባባ፣ ረስተኸው ነው። ደንግጠሃል» አለች።

አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ዓይናቸውን መለሱና፣ «ይሆናል» አሉ። «ይሆናል ልጄ።»

ያቺ «ይሆናል» ምን እንዳመጣች ልንገርህ። ዘይነብ ለአባቷ የሐኪም ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ያዘች፤ የመርሳት ሕመም ጀምሯቸው እንደሆነ ለማየት። የዓሣ ማጥመጃ ፈቃዳቸውን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችባቸው። ኖርድቬስትሽታት ሰፈር ያለው ፎቅ ቤታቸው ውስጥ ሆነው በመስኮት የሚያዩት ሌላ ፎቅ ነው፤ ወንዝ የለም። የባንክ ወረቀታቸውን እሷ ታነባለች፤ ብቻቸውን ባቡር አይሳፈሩም። አንድ ነገር ሲናገሩ ልጆቻቸው እርስ በርስ ይተያዩና ወደ እኔ ይዞራሉ፤ «እውነት ነው እንዴ ጋሽ ግርማ?» ይሉኛል። የሰውየው አእምሮ ምስክር እኔ ሆኛለሁ! እኔ ግን መነጽሬን ግንባሬ ላይ አድርጌ ስፈልግ የምውል፣ ቁልፌም በኪሴ፣ በቤቴም ያለሁ ሰው ነኝ። የእኔን ዕጣ ነው እሳቸው የሚኖሩት።

ለምን አልተናገርኩም? መጀመሪያ ልጄን ፈራሁ። ቀጥሎ ዘይነብን ፈራሁ። ከዚያ ደግሞ ብቸኛ ጓደኛዬን ማጣት ፈራሁ። ሲቆይ ዝምታውን ራሱን ፈራሁት፤ በየዓመቱ እየከበደ ሄደ። ሰበብ ነው ብለህ ከሆነ ልክ ነህ፤ አልከራከርህም።

እሳቸው ግን አንድም ቀን አላነሱብኝም። ብቻችንን ስንሆን እንኳ «ኢንጂነር» ይሉኛል፣ ይስቁብኛል። ይጠብቁኛል እያልኩ እጽናና ነበር፤ እውነቱን ሁለታችንም እናውቃለን፣ ሁለታችንም ይዘነዋል እያልኩ።

ባለፈው ማክሰኞ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ዘይነብ ወጥ ቤት ነበረች። ሃጂ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ግርማ፣ ያን ቀን ስለተነሳሁ ይቅርታ አድርግልኝ» አሉኝ። «በፊት አልተነሳሁም እል ነበር። አሁን ግን መነሳቴ ትዝ ይለኛል። እግሬ ሥር ካያኩ ሲናወጥ ሁሉ ይታየኛል። ልገድልህ ነበር እኮ።»

ቀልድ መሰለኝ፤ ፊታቸውን አየሁ። ቀልድ አልነበረም።

ከወንዙ በላይ ፈራሁ። ውሸቴ እሳቸው ውስጥ ገብቶ እንደ ራሳቸው ትዝታ ተቀምጧል። እውነቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፤ እሱም ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ድስት ይረሳል። ነገ እኔም ብረሳስ? በዚህ ምድር ላይ ሃጂ ኢድሪስ እንዳልተነሱ የሚያውቅ ማን ይኖራል?

ያኔ ምን መለስኩላቸው መሰለህ? «ግድ የለም፣ ያለፈ ነገር ነው» አልኩ። ይቅር አልኳቸው! እኔ፣ እሳቸውን!

አንባቢዬ፣ አሁን አንተም ስላወቅህ ሁለት ሆነናል፤ ያ ትንሽ ያስተነፍሰኛል። ይቅር በለኝ አልልህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። ወጥ ቤት ለነበረችው ለዘይነብ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ዕዳ አለብኝ። አጭር ናት፣ ሦስት ቃል፤ «የተነሳሁት እኔ ነኝ።» በአማርኛም በጀርመንኛም ተለማምጃታለሁ። ዛሬ ሦስት ጊዜ ደወልኩላት። ሦስቱንም ጊዜ አነሳች፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ አባቷ ጤና ጠይቄ ዘጋሁ።