ከሳህብኝ

በሰው ቀንቼ አላውቅም። ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ያለው የቡና ዛፍ ሁሉ ቢጠየቅ፣ በዚህ አገር እንደ እኔ ቅናት የማያውቅ ሰው አልበቀለም ብሎ ይመሰክርልኛል። ባለፈው ሳምንት ግን እናቴ ከሚዛን በሚኒባስ የላከችው ጠርሙስ ቴፒ ደረሰኝ፤ ክዳኑን ከፈት ሳደርገው፣ በማር የተለወሰ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጥቁር አዝሙድና ኮረሪማ አፍንጫዬን ሰንጥቆ ገባ። ወዲያው ደወለችና፣ «ማሻ ላለው ወንድምህ አሳልፍለት፤ ማስተማሩ አድክሞታል» አለችኝ። ያን ጊዜ የዋጥኩት ምራቅ እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ አለ።

ልጆች ሳለን ታናሽ ወንድሜ ታምራት በወባ ተይዞ ከሞት አፋፍ ተመለሰ። ትኩሳቱ ሲለቀው ከልጁ የቀረው ጆሮና ጉልበት ብቻ ስለነበር፣ ነፋስ ሲነሳ ቱም ገበያ ወስዶ እንዳይጥለው በር እንዘጋ ነበር። እናታችን «መጠገኛ» የምትለውን ይህን መድኃኒት ትለውስና፣ ጠዋት ጠዋት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ከእንሰቱ ቅጠል ውሃው ሲንጠባጠብ፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ በማንኪያ እያጎረሰችው፣ አገጩን ይዛ ፊቱን ወደ ብርሃን እያዞረች፣ «ከሳህብኝ እኮ» ትለዋለች። ማሩስ ይቅር፤ እኔን ያቃጠለችኝ ያቺ «ብኝ» ናት። የእሱ መክሳት የእሷ ጉዳት ነበር። እኔ ከጎደሬው ድስት አጠገብ የቀረበልኝን ስጠርግ የሚደርሰኝ፣ «ይኼማ ተመስገን፣ ድንጋይ ቢሰጡት ይፈጫል» የሚል ነው። ለሌላው ምርቃት ይሆናል፤ ለእኔ ግን እርግማን ነበር።

ስለዚህ ለመክሳት ቆረጥኩ። መብላት መተው አልሆነልኝም፤ ጉንጮቼን ወደ ውስጥ ስቤ፣ ግድግዳ እየተደገፍኩ መሄድ ያዝኩ።

«ምን ሆነሃል አንተ?»

«ደከመኝ፣ እማዬ።»

«የቱ ጋ?»

«ሁሉም ጋ። አጥንቴም ጭምር።»

አገጬን ያዘችና ፊቴን ወደ ብርሃን አዞረችው። ዓይኔን ገልብጣ አይታ፣ «ይኼ ኮሶ ነው እንጂ ድካም አይደለም» ብላ ፈረደች። በማግስቱ በባዶ ሆዴ አንድ ጣሳ የኮሶ መድኃኒት አጠጣችኝ፤ ያን ቀን ከቤት ሽንት ቤት የተመላለስኩት መንገድ ቢቀጠል ጌጫ ደርሶ ይመለሳል። ታምራት ደጃፍ ላይ ቆሞ ማንኪያውን እየላሰ፣ «አይዞህ፣ ይወጣልሃል» ይለኝ ነበር።

ዛሬ እንሰቱ በነበረበት የሰው ሱቅ ቆሟል። መጠገኛውን የምትወቅጠው የጎረቤት ልጅ ናት፤ እናቴ በጣቷ ቀምሳ «ኮረሪማ አንሶታል» ትላለች እንጂ የሚለወሰውን አታየውም። ልጠይቃት ስሄድ ፊቴን በሁለት እጇ ትዳብሳለች፤ ብርሃኑ ወዴት እንዳለ ግን መፈለግ ትታለች።

ጠርሙሱን ለማሻ ሾፌር ሰጥቼ ደወልኩላት።

«ላክህለት?»

«ልኬለታለሁ። እማዬ፣ እኔም ሰሞኑን ከስቻለሁ።»

«ውይ ልጄን» አለች፤ «ምነው ከሳህብኝ?»

ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ዘጠና ስድስት ኪሎ እመዝናለሁ። እንደማታየኝ አውቄ ነው የዋሸኋት።