ለጸረ ቫይረስ የወጣ ዕጣ

ብዙ ጊዜ ሳይከፈት የቆየ ኮምፒውተር ሲነሣ ከጀርባው የሚወጣ የሞቀ አቧራ ሽታ አለ። ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን መጋዘን ውስጥ የተጣለ አሮጌ ሲፒዩ ለሙከራ ሲሰካ ያ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ከወንበሬ ተነሥቼ ወጣሁ። የሥራ ባልደረባዬ ያመመኝ መስሏት ውኃ ይዛ ተከተለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? ለእናንተ ግን ልንገራችሁ፤ እናንተ ውኃ አታመጡልኝም።

ያ ሽታ ለእኔ የአባቴ ድምፅ ነው።

ጣና ዳር ባለችው ከተማችን፣ ሹም አቦ ሰፈር፣ ባጃጅ ከሚሄድበት መንገድ ገባ ብሎ ነበር ቤታችን። አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ዝማሬን የተማሩት በልጅነታቸው ከቤታቸው ጠፍተው፣ ከአንድ ሽማግሌ መምህር እግር ሥር ተቀምጠው ነው። መምህሩ ሞቱ፤ አብረዋቸው የተማሩት ተበተኑ፤ የራሳቸው ተማሪዎችም እኩሌታውን ሳይደርሱ እንጀራ ፍለጋ ሄዱ፤ ሙሉውን የያዙ እሳቸው ብቻ ቀሩ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ጉሮሯቸው ላይ እብጠት ወጣ። ሐኪሙ አልሸፋፈነም። «ኦፕራሲዮን ካልሆኑ ይሞታሉ፤ ከሆኑ ደግሞ ድምፅዎ አይመለስም» አላቸው። አባቴ ቤት ገብተው ጋቢያቸውን ካወለቁ በኋላ አጎቴ ከአዲስ አበባ የላከልንን፣ እናቴ በዳንቴል ሸፍና ያስቀመጠችውን ኮምፒውተር እያዩ «ይኸ ነገር ድምፅ ይይዛል ይባላል፤ እውነት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

እውነት ነበር። ሆስፒታል እስኪገቡ ሁለት ወር ነበረን። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የመስኮቱ ብርሃን ምንጣፉ ላይ ሲደርስ፣ አባቴ በርጩማቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔ ማይክሮፎኑን በመጻሕፍት ደርድሬ ከአፋቸው ትይዩ አቆማለሁ። ከአጥር ማዶ የጣና ጀልባ የሚሠሩ ሙስሊም ጎረቤት ነበሩን። ቀኑን ሙሉ መዶሻቸው አያርፍም፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን ጸጥ ይላል። እናቴ ሥራ አስፈታናቸው ብላ ይቅርታ ልትጠይቃቸው ብትሄድ «መሪጌታ እያዜሙ እኔ ምስማር አልመታም። ጀልባው ነገም ይደርሳል» ብለው መለሷት። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ቀረጻውን እናቆማለን፤ አባቴም እያሳላቸው ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃሉ። ድምፃቸው እየሻከረ ሄዶ ነበር። ለእያንዳንዱ ሳምንት አንድ ፎልደር ከፈትሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ጠቃሚ ሰው ሆኜ አላውቅም።

ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቫይረስ ገባ። ያስገባሁት እኔ ነኝ። ዓባይ ማዶ አንድ የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ቤት ነበር፤ እዚያ የሚሠራው የደብራችን የቄስ ገበዙ ልጅ ሲስቅ አንድ ጉንጩ ብቻ ይሰረጎዳል። እኔ ያን ለማየት ስል የማይታተመውን ሁሉ አሳተምሁ። ፍላሼን ከእሱ ማሽን እየነቀልሁ ቤት ስሰካ ስነቅል ከረምሁ። አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ተንቀራፈፈና እያንዳንዱ ፎልደር የራሱን ስም የያዘ መንታ አወጣ፤ ቆይቶም ከሁለቱ አንዱ ብቻ ይታይ ጀመር።

ጸረ ቫይረስ መምረጥ ግድ ሆነ። መካሪ አልጠፋም። የጀልባ ሠሪው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ያጠና ነበርና አንድ ነጭ ሲዲ ይዞ መጣ። «ይኸኛው ቀርፋፋ ነው፤ ግን ሳይጠይቅ አይነካም። እኔው ራሴ ቁጭ ብየ አጸዳዋለሁ» አለ። ያ ባለ ስርጉድ ጉንጩ ደግሞ በቀይ ወረቀት የተሸፈነ ሲዲ በነፃ ሰጠኝ። «ይሄ አንዴ ነው ጠራርጎ የሚያጠፋው፤ ማንም አያስፈልግሽም» አለኝ። ሁለቱን አንድ ላይ መጫን እንደማይቻል፣ እርስ በርሳቸው እንደሚጣሉ፣ ሁለቱም ነገሩኝ።

አባቴ ተጨነቁ። የአንዱን ብንወስድ ጉርብትናችን ይበላሻል፣ የሌላውን ብንወስድ ቄስ ገበዙ ይቀየማሉ። ለእኛ ቤት ይሉኝታ ከሃይማኖት ቀጥሎ ያለ ነገር ነው። በመጨረሻ «ዕጣ ይጣል። ዕጣ ወጣ ከተባለ የሚቀየም የለም፤ በገዳምም አበምኔት ሲመረጥ እንዲህ ነው» አሉ። እናቴ ሣቀች። «ለዝች ሣጥን?» ብትላቸው «ውስጧ ያለው ዝማሬ አይዶለም?» አሏት።

እሑድ ቀረጻውን ጨረስን፤ በማግሥቱ ሆስፒታል ሊገቡ ነው። ሁለቱን ወረቀት የጻፍሁትም ያጠፍሁትም እኔ ነበርሁ። አንዱን ከደብተሬ ገጽ፣ ሌላውን ከደብተሬ ልባስ ቀደድሁት። ልባሱ ወፍራም ነው። አባታችን ሆይ ደገምን፤ ወረቀቶቹ በአባቴ ቆብ ውስጥ ገቡ። «አንች አውጭ፤ ልጅ ነሽ፣ እጅሽ ንጹሕ ነው» አሉኝ። ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ሰደድሁና ወፍራሙን ያዝሁ። ቀዩ ወጣ። አባቴ አማተቡ።

ያንን ስሠራ ምን ነበር ያሰብሁት ካላችሁ፣ ምንም። ለዚያ ልጅ ሄጄ «ያንተ ነው የወጣው» ማለትን ብቻ ነበር የምፈልገው። ልጁ ስሜን እንኳ አሟልቶ አያውቅም ነበር።

ሰኞ አባቴ ሆስፒታል ገቡ። ከሰዓት በኋላ ቀዩን ሲዲ ጫንሁ። ማሽኑ እያጓራ ሄዶ ሄዶ ረጅም ዝርዝር አወጣና ምን ላድርጋቸው ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉንም አጥፋ የሚለውን ተጫንሁ። ከዚያ የአባቴን ሳምንታት ልይ ብዬ ብከፍት አንድም የለም። ባዶ ነጭ ገጽ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት፤ ባዶ ነው። እናቴ የኔን ፊት አይታ ሮጣ የጎረቤታችንን ልጅ ጠራችው። ልጁ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባና «አትንኪው፤ እንዳለ ተይውና እኔ ልየው። ከዓይን የጠፋ ሁሉ ጠፍቶ አይቀርም» አለኝ። ቢቀመጥና ቢያየው ምን ነበረበት? ካፈርሁ አይመልሰኝ ሆነብኝና «ያንተ ዕጣ አልወጣም» አልሁት። ጫማውን አድርጎ ሄደ።

ረቡዕ ሲፒዩውን ጭኔ ላይ አስቀምጬ በባጃጅ ዓባይን ተሻገርሁ። ባለ ጉንጩ ልጅ አንዴ አየው። «ባዶ ነው። ፎርማት ይደረግና ያለው ሁሉ ተጠርጎ ንጹሕ ይሁን» አለ።

«አድርገው» አልሁት።

አባቴ አንገታቸው በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ ተመለሱ። በነጋታው ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከአጥር ማዶ መዶሻው ጸጥ አለ፤ ሰውየው ልማድ ሆኖባቸው መሰለኝ። አባቴ በርጩማቸውን ስበው ኮምፒውተሩን በጣታቸው አሳዩኝ። ጠፋ አልኋቸው። ሁሉም? በእጃቸው ነበር የጠየቁኝ። ሁሉም አልኋቸው። ደብተራቸውን አንሥተው ጻፉልኝ፤ «ዕጣ ነው። አንች ምን ታረጊ።» እኔ አለቀስሁ፤ እሳቸው ስለ ድምፃቸው ያለቀስሁ መስሏቸው ራሴን ዳበሱኝ።

ዓመታት አለፉ። እኔ ተመርቄ ሥራ ያዝሁ፤ አባቴም ዝም እንዳሉ ነበሩ። አንድ ቀን ቢሮ ውስጥ የአንዲት ጸሐፊ ፍላሽ ባዶ ሆኖባት ስትጮህ የኮምፒውተር ባለሙያችን መጣ። ሁለት ቦታ ጠቅ ጠቅ አደረገ፤ ፎልደሮቿ ደብዘዝ ብለው ተደርድረው ብቅ አሉ። «መች ጠፉ? ይሄ ቫይረስ ዋናዎቹን ደብቆ በስማቸው ይቀመጣል። አንቲቫይረሱ ያጠፋው እሱን ነው፤ ያንቺዎቹ እዚሁ ናቸው» አላት። ጸሐፊዋ አመሰገነችው። እኔ ጠረጴዛዬን ይዤ ቆምሁ። የአባቴ ሳምንታትም ያኔ አልጠፉም ነበር። ሰኞም ነበሩ፣ ማክሰኞም ነበሩ። ረቡዕ በባጃጅ ስሄድ የአባቴ ድምፅ ሙሉውን ጭኔ ላይ ነበር፤ ተሸክሜ ወስጄ ያስጠፋሁት እኔ ነኝ።

ለነፍስ አባቴ ተናዘዝሁ። ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድሁ፤ ቀላል ነበር። «ለአባትሽም ንገሪ» አሉኝ፤ እሱ ነው ያቃተኝ። አንድ ቅዳሜ ወስኜ ሄድሁ። አባቴ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከጣና ዳር፣ ከአንድ ዋርካ ሥር መቀመጥ ይወዱ ነበር። ውኃው ዳር እንቦጭ ሞልቶበት አረንጓዴ ሆኗል፤ የሚጠበስ ዓሣ ይሸታል። አጠገባቸው ቆምሁና «አባየ፣ ስለዚያ ዕጣ የምነግርዎ ነገር አለ» አልኋቸው።

ፈገግ አሉ። እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝና ደብተራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጽፈው ሰጡኝ። እንዲህ ይላል፤ «እኔም አስበዋለሁ። ሰው አጥፍቶት ቢሆን ኖሮ በቂም እሞት ነበር። እግዜር በዕጣው ወሰደው፤ ይኸን ሳስብ ይቀለኛል። አይዶለም?»

መልሴን ለማየት ቀና አሉ። ዓይናቸው ከሕመማቸው ወዲህ እንደዚያ ጠርቶ አላየሁትም።

ነጠላዬን ሰብስቤ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«ልክ ነው፣ አባየ» አልኋቸው።