መሃል ላይ ቆም የሚለው በር

በሩ መሃል ላይ ሲደርስ ቆም ይላል። የሱቁን የኢንተርኔት ገጽ በስልኩ የሚከፍት ሰው መጀመሪያ የሚያየው አረንጓዴ ቀለሙ የተላላጠ የቆርቆሮ በር ነው። በሩ እየተንኳኳ ወደ ላይ ይጠቀለላል፣ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ይነክሳል፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ይቆማል፣ ከዚያ ድንገት ለቀቅ ብሎ ይከፈታል። ብዙ ሰው ኢንተርኔቱ የተቋረጠ ይመስለዋል። ገጹን የሠራችውን ፍዮሪን ግን ከሥራው ሁሉ ያለፋቻት ያቺ አንዲት ትንፋሽ ናት።

ፒያሳ የነበረው የአባቷ የሰዓት መሥሪያ ሱቅ በሩ እንዲህ ነበር። አቶ አጽብሐ ጠዋት ጠዋት ሽቅብ ይገፉታል፤ መሃል ላይ እምቢ ይላል፤ በትከሻቸው ጎሰም ሲያደርጉት ይለቃል። ሱቆቹ ሲፈርሱ በሩም ከሌላው ብረት ጋር ተጭኖ ሄደ። ፍዮሪ ያን ቀን አላለቀሰችም። ያለቀሰችው በሩን ኮምፒውተር ላይ ሠርታ ጨርሳ፣ ቆም ብሎ ሲከፈት ያየች ዕለት ነው። የሌለ በር እንዲህ አድርጎ መከፈት መቻሉ ራሷን አስገረማት።

ከዚያ እንጀራዋ ሆነ። ከፒያሳ ተነሥተው የተበተኑት ባለሱቆች ደንበኞቻቸው እንዲያገኟቸው ገጽ ይፈልጉ ነበር። ፍዮሪ የሚጠቀለለውን በር፣ የሚበራውን አምፖል፣ የምትወዛወዘውን ሰሌዳ አንዴ ሠርታ አስቀመጠች፤ የሚለዋወጠውን ነገር ሁሉ ደግሞ አንዲት ተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ሰበሰበችው። ስም፣ ስልክ፣ የሥራ ሰዓት፣ እያንዳንዱ በየመስመሩ። ባለሱቁ ፋይሉን በስልኩ ይከፍታል፣ መስመሩን ይቀይራል፣ ያስቀምጣል። በቃ፣ ገጹም ተቀየረ። ለራሱ ማስታወሻ መጻፍ ካማረው ከፊቱ የመሰላል ምልክት (#) ያደርጋል፤ መሰላል ያለበትን መስመር ገጹ አያነበውም።

«ይከብደኛል» የሚል ደንበኛ ሲመጣ፣ «አባቴ እንኳን ይቀይረዋል!» ትላለች።

እውነቷን ነው። አቶ አጽብሐ ፊደሉን አንድ በአንድ ይለቅሙታል እንጂ፣ በወሩ የጊዮርጊስ ዕለት «ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ እከፍታለሁ» ብለው በራሳቸው እጅ ጽፈው ያውቃሉ። ያን ቀን ፍዮሪ ገጹን ላገኘችው ሁሉ ስታሳይ ዋለች።

አቶ አጽብሐ አሁን አምስት ኪሎ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ጠባብ ክፍል ተከራይተዋል። ውጪ ሰሌዳ የለም። ፒያሳ ሳሉ ሰው በሩን ስለሚያውቀው ማንም ደውሎላቸው አያውቅም ነበር፤ እዚህ ግን ደንበኛ ገጹ ላይ ወዳለው ቁጥር ደውሎ፣ በስልክ እየተመራ ነው የሚመጣው። ሰሞኑን ማንም አልመጣም።

«አቦይ፣ ዛሬስ ተደወለ?»

«አልተደወለም፣ ጓለይ።» ቤታቸው ውስጥ ትግርኛው ከአማርኛው ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚነገረው፤ «ጓለይ» ልጄ ማለታቸው ነው።

«አንድ ሰው እንኳን?»

«ሰው ምን ያድርግ፣ ይረሳል።»

ይህን ይሉና ወደ ሰዓታቸው ያጎነብሳሉ። ፍዮሪ በሰው አዘነች። የሠርጋቸውን ሰዓት፣ የሟች አባታቸውን ሰዓት ለአባቷ አደራ ሲሉ የኖሩ ሰዎች፣ አንድ ግንብ ስለ ፈረሰ እንዲህ ይረሳሉ? ምኒልክ አደባባይ ላይ የድሮ ደንበኛ ስታይ ፊቷን ማዞር ጀመረች።

አንድ ቀን ከእነዚሁ ደንበኞች አንዷ፣ እትዬ ደብሪቱ፣ ከጊዮርጊስ ወጥተው ነጠላቸውን እያስተካከሉ እጇን ያዟት።

«ምነው፣ እንደማታውቂኝ ታልፊኛለሽ? ለአባትሽ ምስጋናዬን አድርሺልኝ። ሰዓቴ እንደ አዲስ ሆነችልኝ።»

«አባቴ ናቸው የሠሩልዎት?»

«ኧረ ልጁ ነው! ስልኩን ያነሳው፣ ሙሄ። ጨዋ ነው፣ ቤቴ ድረስ መጥቶ ወሰደልኝ።»

ሙሄ አባቷ ፒያሳ ሳሉ ሥራ ያስተማሩት ሰው ነው፤ ዛሬ የራሱ ሱቅ አለው። ፍዮሪ እዚያው ቆማ ገጹን ከፈተች። በሩ ተጠቀለለ፣ ቆም አለ፣ ተከፈተ። «ሰዓት ሠሪ አጽብሐ» ይላል። ከሥሩ ያለው ቁጥር ግን የአባቷ አይደለም።

አምስት ኪሎ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጧል። የደንበኞችን ፋይል ከእሷና ከባለሱቁ ሌላ መክፈት የሚችል አብሯት የሚሠራው ራጉኤል ነው። ሙሄን «ገጽ ይሠራለት» ብሎ ያመጣውም እሱ ነው። ሌላ ምን ይታሰባል? አባቷ ፊት ደወለችለት፤ እሳቸውም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«የአባቴን ደንበኞች ለሙሄ የሰጠኸው አንተ ነህ?»

«ውይ፣ ሰላምታውስ የት ሄደ፣ ፍዮ?»

«መልስልኝ!»

«አቦ ተረጋጊ! የሼባውን ቁጥር ቀይሬ ምን ልሆን ነው? ሰዓት ሠሪ? የራሴን ቀጠሮ እንኳን የማላከብር ሰው!»

«ትቀልዳለህ አይደል? ቤታችን እንደ ልጅ በልተህ፣ እንደ ልጅ ተኝተህ! ሌባ ነህ፣ ራጉኤል።»

 ራጉኤል ሲመልስ ጨዋታው ሁሉ ከድምፁ ወጥቷል።

«ሌባ አልሽኝ? ጋሽ አጽብሐ እዚያ አሉ? እስቲ አቅርቢልኝ።»

ፍዮሪ ስልኩን ወደ አባቷ ዘረጋችው። አቶ አጽብሐ ዓይናቸው ላይ የሰኩትን ማጉያ ሳያወርዱ «አይሆንም» በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሳቸውም ሊያናግሩህ አይፈልጉም» አለችና ዘጋችበት።

ከዚያ ቁጥሩን ልትመልስ ፋይሉን ከፈተች። የሙሄን ቁጥር ልታጠፋ ስትል ዓይኗ ወደ ታች ወረደ። ከሁሉም መጨረሻ፣ ራቅ ብሎ፣ ከፊቱ መሰላል የተደረገለት አንድ መስመር ብቻውን ተቀምጧል። የአባቷ ቁጥር ነው።

ሊሰርቅ የመጣ ሰው አሮጌውን ያጠፋዋል። ይህ ግን አልጠፋም፤ ተነቅሎ በጥንቃቄ ለብቻው ተቀምጧል። ቀና ስትል ጠረጴዛው ላይ፣ ከተከፈተው ሰዓት አጠገብ፣ የሲኒ ሳህኑን አየችው። ከሰዓቱ የወጡ ደቃቅ ብሎኖች አሉበት። አቶ አጽብሐ የነቀሉትን ነገር ጥለው አያውቁም፤ በአዲስ የተተካ ስባሪ እንኳን ቢሆን፣ ሰዓቱ ለባለቤቱ እስኪመለስ ሳህኑ ላይ ይቆያል። ልጅ ሳለች በአባቷ እጅ የተመታችው ያንን ሳህን በመንካቷ ብቻ ነው።

«አቦይ።»

ቀና አላሉም።

«እርስዎ ነዎት የቀየሩት።»

አቶ አጽብሐ ማጉያውን አወረዱ። ወረንጦውን አስቀምጠው ቀኝ እጃቸውን መብራቱ ሥር ዘረጉላት። እጁ ይንቀጠቀጣል። ሻይ ለመጠጣት አያግድም፤ ለሰዓት ግን ብዙ ነው።

«የሰው ሰዓት አበላሸሁ» አሉ። «አንዴም አይደለም። ሙሄ በድብቅ እያስተካከለ ይመልስልኝ ነበር። ኋላ ደንበኞቹ ወደ እሱ ይሂዱ አልኩ።»

«ይሄስ የማን ነው?» ወደ ተከፈተው ሰዓት አመለከተች።

«የራሴ ነው። አንቺ ስትመጪ እፈታዋለሁ።»

ፍዮሪ ሰዓቱን አየችው። ስትመጣ ሁሉ አጎንብሰው የምታገኛቸው በዚህ በአንዱ ሰዓት ላይ ነበር።

«ለኔ መንገር ይህን ያህል ከበደዎት?»

«በሩን ያሳየሽኝ ቀን ፊትሽን አይቼዋለሁ፣ ጓለይ። ዘጋሁት ብዬ እንዴት ልንገርሽ?»

«ስለዚህ ሰው ረሳን አሉኝ። እኔም በሰው ቂም ያዝኩ።»

አቶ አጽብሐ ወረንጦውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት።

«አሁን ራጉኤልን ሌባ ስለው ሰምተዋል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ስልኩን ስሰጥዎትስ?»

«አፈርኩ» አሉ።

ፍዮሪ «ደውይለት፣ እኔ ልንገረው» እንዲሏት ጠበቀች። ያቺን ብቻ ቢሏት ይበቃት ነበር። ሲቀር ራሷ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ አላነሳም። ደግማ ስትሞክር ስልኩ ዝግ ነው። አባቴ እንኳን ይቀይረዋል ስትል የኖረችው እሷ ናት። የገዛ ቃሏ አፏ ውስጥ መረራት።

አቶ አጽብሐ ባርኔጣቸውን ከሚስማሩ ላይ አነሱ።

«ሙሄ ጋ ልሂድ» አሉ። «ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ አጠገቡ እቀመጣለሁ። የከበደው ነገር ካለ እነግረዋለሁ።»

ይህንንም አታውቅም ነበር። ሙሄ ያውቃል፣ የሙሄ ደንበኞች ያውቃሉ፤ እሷ ብቻ ምሽት ምሽት እየመጣች «ተደወለ?» ትላለች።

በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። ግቢውን አቋርጠው ወደ ጊዮርጊስ የሚወስደውን መንገድ ያዙ፤ የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ከተውታል። መንገዱ መሃል ሲደርሱ ቆም ይላሉ፣ ዞር ብለው አንድ ቃል ይሉኛል ብላ ጠበቀች። አልቆሙም።