ለእናቴ የመጣ ወተት

ሰሊጥ ሲቆላ የሚወጣው ሽታ ኮዬ ፈጬ የሚገኘውን የኮንዶሚኒየማችንን ደረጃ ወጥቶ፣ አራተኛ ፎቅ ደርሶ፣ በር ዘግቼ እንኳ ገብቶ ያገኘኛል። ታች ያለችው ጎረቤታችን ጾም ሲገባ ትቆላዋለች። ሰው ሁሉ «እንዴት ያውዳል!» ይላል፤ እኔን ደስም አይለኝ፣ አይከፋኝም። የያዝኩትን ሽንኩርት አስቀምጬ እቆማለሁ፣ አቃቂ በሰቃ የነበረው ቤታችን፣ የእናቴ የተሰበረ እጅና የአባቴ ጥቅሻ ይመጡብኛል፣ ሽታው ሲያልፍ ወደ ሽንኩርቴ እመለሳለሁ።

ቤታችን ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ሲሆን ከጀርባው እፍኝ የምታህል ጓሮ ነበረችው፣ በጓሮዋ ጎመን ይበቅል ነበር፣ አራት ዶሮዎችም ይጭሩባት ነበር። አባቴ ወርቁ በአካባቢው ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ በፈረቃ ይሠራ ነበር፣ እናቴ አስካለ ደግሞ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች ለደንበኞቿ ታቀርብ ነበር። ከእኔ በፊት ሁለት ልጆች ቀብራለች። እኔም የሰባት ወር ሕፃን ሳለሁ የቀመስኩት ሁሉ እየወጣ፣ ከስቼ ከስቼ አጥንቴ ሲቀር፣ አቅፋኝ አቡዬ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ተሳለች። አቡዬ የእናታቸውን ጡት እንኳ ሳይቀምሱ የኖሩ ጻድቅ ናቸው ስለሚባል፣ «ይቺን አትርፍልኝ እንጂ እኔም እስክሞት የወተት ዘር በአፌ አይዞርም» አለች። ተረፍኩ። ከዚያ ወዲያ ወተት፣ እርጎ፣ አይብ፣ ቅቤ የሚባል ነገር ቀምሳ አታውቅም፤ ጾም ተፈትቶ ሰው ሁሉ በቅቤ ሲጠግብ እሷ የራሷን ለብቻ በዘይት ትሠራ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጭንቅላቴን እየዳበሰች «ይቺ የስለት ልጄ ናት» ትል ስለነበር፣ ገና መደመር ሳልማር፣ በሕይወት ያለሁት እናቴ ወተት ስለማትጠጣ መሆኑን አውቅ ነበር።

አሥር ዓመት በሞላኝ ክረምት እናቴ ከወፍጮ ቤት ስትመለስ ደጃችን ላይ አንሸራተታት። የአቃቂ ጭቃ ቀልድ አያውቅም፣ ጫማ ከእግር ነጥቆ የሚያስቀር ጭቃ ነው፤ ቢሆንም አወዳደቋ ያን ያህል አልነበረም፣ እኔ በቀን አሥሬ የምወድቀው ዓይነት ነበር። የእጇ አንጓ ግን ቀጭ ሲል ሰማሁት። ወጌሻ አሽቶ ቢያስረውም አብጦ እንቅልፍ ስለነሳት ሆስፒታል ሄዳ በጄሶ ታሸገላት። ከዚያ ሲስተር ውቢት መጣች። ሲስተር ውቢት በሰፈራችን ቤት ለቤት እየዞረች የምታስተምር ነርስ ነበረች፣ ምላሷ ስለት የሆነ፣ ግን ሰው የምትወድ።

«አስካለ፣ በዚህ አወዳደቅ የሚሰበር አጥንት የሳሳ አጥንት ነው» አለቻት። «ሦስቴ አርግዘሽ አጥብተሻል፣ ካልሲየም የምታገኚበትን ነገር ደግሞ አትነኪም። ዛሬ እጅ ነው፤ ነገ ዳሌ ቢሆን አልጋ ላይ ትቀሪያለሽ። ወተት ጠጪ።»

«አልጠጣም።»

«እንደ መድኃኒት ቁጠሪው።»

«ሲስተርዬ፣ ልጄን ሰጥቼ ነው አጥንት የምቀበለው? አይሆንም!»

ሲስተር ውቢት ወደ እኔ አየት አደረገችኝና ክርክሩን ተወችው። ወተቱ ባይሆን ሌላም አለ ብላ ሰሊጥ፣ የሐበሻ ጎመን፣ ጤፍ፣ ሽምብራ እያለች በጣቷ ቆጠረችላት፣ «ግን በየቀኑ ነው፣ ጾም ሲመጣ ብቻ አይደለም» አለች። እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት «አልጋ ላይ ትቀሪያለሽ» የሚለውን ብቻ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ ከተቀመጠችበት በተነሳች ቁጥር ዓይኔ እግሯ ላይ ነበር።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ ሰሊጥ የማመላልሰው እኔ ሆንኩ። የምገዛው ከጋሽ ሸምሱ ነበር፣ ከስልጤ መጥቶ መንገዳችን ጥግ ላይ ሱቅ የከፈተ፣ እናቴን «እህቴ» የሚል ሰው፤ ሰፍሮ ከጨረሰ በኋላ አንድ እፍኝ «ይሄ ለእጇ ነው» ብሎ ይመርቅልኝ ነበር። እናቴ በሙያዋ የማትታማ ሴት ነበረችና ሰሊጡን እንዲሁ አትቆላውም፤ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ፣ በደህናው እጇ እያሸች፣ የተንሳፈፈውን ገለባ እየቀነሰች፣ ፍሬው ነጭ እስኪሆን ድረስ ትለቀልቀው ነበር፣ እኔ ደግሞ አድርቄ፣ አምሼ፣ ወቅጬ በውሃ እበጠብጥላታለሁ። «ገለባው የገባበት የሰሊጥ ውሃ የሰነፍ ሴት ነው» ትለኝ ነበር። ገለባውን አንጥላም፣ ለዶሮዎቹ እንበትንላቸዋለን። ጎመኑንም ቀቅላ ውሃውን ትደፋዋለች፤ ትንሽ ሻል ያለ ቀን ሲሆን ደግሞ ጎመን የድሃ ነው ብላ ቆስጣ ትገዛለች።

ጥቅምት ላይ ጄሶው ሲፈታ እጇ አልበረታም ነበር፤ ስኒ እንኳ ስታነሳ ይንቀጠቀጣል። ሲስተር ውቢት ልታያት መጥታ እንቁላል ቀቅለን አቀረብንላት። ሳህኑ ጠርዝ ላይ መታችው፣ አልተሰነጠቀም። ደግማ መታችው፣ እምቢ አለ።

«ይሄ እንቁላል ነው ድንጋይ? ለመሆኑ ዶሮዎቹን ምን ብታበሏቸው ነው?»

«የሰሊጡን ገለባ» አልኩ እኔ፣ ኮራ ብዬ።

ሲስተር ውቢት እንቁላሉን አስቀምጣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ወይ ጉድ! አንቺ ሴትዮ፣ እኔ አጥንትሽን አጠንክሪ ብልሽ የዶሮ እንቁላል ታጠነክሪያለሽ? የነገርኩሽ ካልሲየም እኮ ብዙው ያለው ገለባው ላይ ነው!» እናቴ በሙያዋ ተነክታ አኮረፈች፣ ግን ሰማች። ከዚያን ቀን ወዲያ ሰሊጡ ከነገለባው ይወቀጥ ጀመር፣ ውሃው ጠቆር ያለና መረር የሚል ሆነ፣ እሷም ፊቷን አጨፍግጋ ትጨልጠው ነበር። የጎመኑ ውሃ መደፋቱ ቀረ። ቆስጣውንም ሲስተር ውቢት «ካልሲየሙስ አለው፣ ግን ይዞ አይለቅም» ብላ ከለከለቻት፣ ሻይም ከምግብ ራቅ ብሎ እንዲጠጣ አዘዘች። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ የተማረ ሰው ደግሞ የሰሊጥ ገለባም ቢሆን ያለውን ሁሉ ለሰውነት አይሰጥም፣ የረዳት ጎመኑ ሳይሆን አይቀርም ብሎኛል። እኔ እንጃ፤ ሁለቱንም በላቻቸው።

አባቴ ግን ከዚህ ሁሉ በአንዱም አላመነም። አንድ ቀን ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ቆመን «ሰው በቅጠል አጥንቱ ይጠናል እንዴ? ሚስቴ በግ ናት?» አለ።

ጋሽ ሸምሱ ሚዛኑን እያጸዳ «በግ አጥንት የለውም ያለህ ማነው?» አለው። «ላሟስ ብትሆን ሣር አይደል የምትበላው? በወተቷ ያለውን ነገር ከየት አመጣችው?»

አባቴ ሳቀ፣ ሐሳቡን ግን አልቀየረም። የገና ጾም ተፈትቶ፣ በአንዱ ጠዋት እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሳለ ከፈረቃው ሲመለስ የውሃ ኮዳውን ሰጠኝ። ለብ ይላል። ያን ጊዜ ኮዬ ገና የእርሻ አገር ስለነበር ሴቶች ከዚያ ወተት ይዘው ፋብሪካው በር ድረስ ይመጡ ነበር።

«ትርፌ፣ ይሄን በሰሊጡ ውሃ ላይ ጨምሪላት። መራራ ነው፣ አታውቀውም።»

«ስለቷስ?»

«ሳታውቅ ከጠጣችው ኃጢአቱ የእኔ ነው። አልጋ ላይ ስትቀር ማየት ትፈልጊያለሽ?»

አልፈልግም። ግን መሞትም አልፈልግም ነበር። አባዬ አንዴ እንኳ ያን ያሰበው አይመስለኝም፤ ለእሱ ስለቱ የእናቴ ግትርነት ነበር፣ ለእኔ ግን በሕይወት የቆየሁበት ነገር ነበር። ያን ዕለት ሰሊጥ ልገዛ ስሄድ ጋሽ ሸምሱን «ሰው ስለቱን ቢያፈርስ ምን ይሆናል?» ብዬ ጠየቅሁት። ምን አስቤ እንደሆነ ከየት ይወቅ! «ስለት ቀልድ የለውም ልጄ፣ በእኛም በእናንተም ያው ነው» አለኝና እፍኙን መረቀልኝ።

ኮዳውን ይዤ ከዶሮዎቹ ቤት ኋላ ሄድኩ። ልደፋው ነበር፣ ወተት መድፋት ነውር ነው ተብዬ ስላደግሁ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ጠጣሁት። ቆሜ፣ ሳልተነፍስ፣ እስከ መጨረሻው ጠጣሁትና ለእናቴ ሰሊጡን ብቻ በጥብጬ ሰጠኋት። አባቴ በበሩ አሾልኮ እያየ ጠቀሰኝ።

እንዲህ እያልን ከረምን። አባቴ ተንኮሉ ውስጥም ክርስቲያን ስለነበር ረቡዕና ዓርብ ኮዳው ባዶ ነበር፣ ሁዳዴ ሲገባም ጭራሽ ተወው። ፋሲካ ሲሆን ተመለሰበት፣ በሃምሳው ቀን ደግሞ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ሰባቱንም ቀን ጠጣሁ። የፈረቃ ምሳውን እየቀነሰ እንደሚያመጣው አውቅ ነበር። እናቴ ስትነሳ እግሯን አያለሁ፣ ዛሬ ብትወድቅ የሰበርኳት እኔ ነኝ እላለሁ፣ በማግስቱ ኮዳውን ተቀብዬ እንደገና እጠጣለሁ። መጀመሪያ ሰሞን አለቅስ ነበር። በኋላ ማልቀሱ ቀረ፣ ፍርሃቱም ደነዘዘ፣ ዕቃ እንደማጠብ ያለ የጠዋት ሥራ ሆነ፤ የዚያ ዓይነት ድንዛዜ እስከ ዛሬም አለቀቀኝም።

ክረምቱ ዞሮ ሲመጣ እናቴ በዚያው እጇ ዘነዘና አንስታ በርበሬ ወቀጠች። እጇ ትንሽ ጠመም ብሏል እንጂ ጸንቷል። አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አየሽ? ያዳናት ቅጠል አይደለም» አለኝ፣ ደስታው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። እኔ በዚያ ዓመት ቀሚሴ ሁሉ እስኪያጥረኝ ድረስ አድጌ ነበር። ዝም አልኩት፣ ከዚያም በኋላ ዓመት በመጣ ቁጥር ዝም አልኩት።

አሁን ሁለቱም ከእኔ ጋር ኮዬ ፈጬ ነው የሚኖሩት። ባለፈው ዓመት እናቴ ከቅዳሴ ስትመለስ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ አዳለጣት፣ አራት ደረጃ ተንከባለለች፣ ዳሌዋ ተሰበረ። ሆስፒታል ቃሬዛ ላይ ተኝታ ሳለ አንድ ወጣት ሐኪም መጥቶ ስለ አጥንቷ ይጠይቃት ጀመር።

«እማማ፣ ወተት ይጠጣሉ?»

«ሠላሳ ዓመት አልፎኛል ሳልቀምስ።»

አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ። ለሐኪም እውነቱ መነገር አለበት ብሎ ነው፣ ተንኮል አልነበረውም። «ጠጥታለች ዶክተር» አለ። «እጇ የተሰበረ ጊዜ እኔ ነኝ በድብቅ ያስጠጣኋት፣ ወራት ሙሉ። ይቅር በይኝ አስካለ።»

እናቴ እሱን አላየችውም። እጇን ዘርግታ ክንዴን ያዘችኝ፣ አጥብቃ ጨመቀችው፣ በሕይወት መኖሬን ልታረጋግጥ ይመስል። ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ነበር። ያኔ ተናገርኩ፦ «እማዬ፣ አንድ ጠብታ አልነካሽም። ሁሉንም የጠጣሁት እኔ ነኝ።»

እናቴ እልል አለች። ዳሌዋ ተሰብሮ፣ ቃሬዛ ላይ ተኝታ፣ ኮሪደሩ ሙሉ ሰው እስኪዞር ድረስ እልል አለች፣ «ጎሽ ልጄ! ጎሽ የኔ ልጅ!» እያለች ክንዴን ሳመችው። አባቴ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠ። «ታዲያ ያኔ ምን አዳናት?» አለ። ሐኪሙ ምን ትበላ እንደነበር ጠይቆ ስንነግረው «እሱ ነዋ» አለው። ወጥቶ ሲሄድ ተከትዬው፣ ወተቱን ብትጠጣው ኖሮ ዛሬ ዳሌዋ ይተርፍ እንደነበር ጠየቅሁት። ከአራት ደረጃ የወደቀ ማንም ሊሰበር ይችላል፣ ይህን ማንም ሊነግርሽ አይችልም አለኝ። አመሰገንኩት። ማልቀስ ነበረብኝ መሰለኝ፣ ግን ምንም አልመጣልኝም።

ቀዶ ጥገናው ደህና ሆነላትና ዛሬ በምርኩዝ እስከ በረንዳ ትሄዳለች። ጎመኑን የሚከትፈው አባቴ ነው፣ ሰሊጡንም ከነገለባው እሱ ነው የሚፈጨው፣ አይቀልድም፣ አይጠቅሰኝምም። እኔ ወተት ካቆምኩ ቆይቻለሁ፣ አላማረኝም፣ ምክንያቱንም አልፈለግሁም። ከሆስፒታል ከተመለስን በኋላ ደግሞ አንድ ጠዋት አባቴ የወተት ሻዩን መለሰልኝ፣ «ያለ ወተት አድርጊልኝ» አለ፣ ከዚያ ወዲያም እንደዚያው ቀረ። አቃቂ እያለን ከቤቱ ወተት የማይቀምሰው አንድ ሰው ነበር፤ አሁን ሦስታችንም አንቀምስም፣ የተሳለችው ግን እሷ ብቻ ናት።