ሰሌዳ የምናጠቁርበት ዓርብ

ለባለቤቴ ሐዘን ቀሚሴን ጥቁር ቀለም ውስጥ ስነክር እጄ ጠቆረ። በንጉሡ ጊዜ ኮልፌ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁም እንዲሁ ይጠቁር ነበር። ዓርብ ዓርብ የባትሪ ድንጋይ ፈጭተን፣ ከቅጠል ጋር ለውሰን ሰሌዳውን እንቀባለን። አንድ ሳምንት ሰኞ ዕለት «አባቴ ድንች ይሸጣሉ» ብዬ ያለ ስሕተት ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ መምህርቷም ጽሑፌን ሳያጠፉ አቆዩልኝ። ዓርብ የመቀባቱ ተራ የእኔ ሆነና አለቀስኩ።

«እትዬ፣ አባዬ እኮ ሰኞ ሊያዩት ይመጣሉ!»

«አንቺ አልቃሻ፣ ካልጠቆረ ምን ላይ ልትጽፊ ነው?» አሉ እየሳቁ።

ነገሩ በደንብ አልገባኝም፤ እያለቀስኩ ቀባሁት። ሰኞ አባቴ በሩ ላይ ቆመው ሳለ መምህርቷ ጠመኔውን ለእኔ ሰጡኝ። ያንኑ ደግሜ ጻፍኩ፤ ከበፊቱ ይበልጥ ጎልቶ ታየ።

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ብዕር ሳነሳ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።