ጀርባውን ያላየነው ቤት

ከጉለሌ የወጣሁት ሰዓት እላፊ ሳይደርስ፣ ገና ሲመሻሽ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ስሜ ተጠርቷል፤ በማግስቱ ቀበሌ ካልቀረብኩ ቤት ድረስ መጥተው ይወስዱኛል። እናቴ ቆሎ በጨርቅ እየቋጠረች ታለቅሳለች። አባቴ ግን፣ እመኑኝ፣ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ የክብሪት እንጨት የምታክል የደረጃ መደገፊያ በብርጭቆ ስባሪ ይፍቃል። ተናደድኩ። "አባዬ፣ እየሄድኩ ነው እኮ" ስለው ቀና አለና፣ "ለንደን፣ አጎትህ ጋ ከደረስክ የዚህን ቤት ጀርባ አይተህ ንገረኝ" አለኝ። ስንብታችን ይኸው ነው።

ስለ ቤቱ ልንገራችሁ። አባቴ አናጺ ነው፤ የጸሎት ቤታችንን አግዳሚ ወንበሮች ሁሉ የሠራው እሱ ነው። ጸሎት ቤቱ ሲታሸግ እጁ ሥራ ፈታ። ወደ አገሯ የተመለሰች አንዲት ፈረንጅ አስተማሪ የተወችለት የገና ፖስትካርድ ነበረው፤ በላዩ የቪክቶሪያ ዘመን የሚሉት ባለ ሦስት ፎቅ የእንግሊዝ ቤት አለ። ይህንን በአሻንጉሊት ልክ እሠራዋለሁ ብሎ ተነሳ። ሴት ልጅ በሌለበት ቤት የአሻንጉሊት ቤት ምን ያደርጋል ብሎ ሰፈሩ ሳቀበት።

ጣውላው የሻይ ሳጥን ነው። የጣሪያው ክዳን ከዘይት ቆርቆሮ እየተቆረጠ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደረደረ። ለመስታወቱ ሆስፒታል ጽዳት የምትሠራው እናቴ መላ አገኘችለት፤ የተጣለ የራጅ ፊልም ታመጣለታለች፣ እሱ በበረኪና አጥቦ ያነጣዋል። አንዱ መስኮት ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የጎን አጥንት በስሱ ይታያል። ካርዱ የሚያሳየው ግን ፊቱን ብቻ ነው። ጀርባውን ሳያውቅ ቤቱን መዝጋት አልሆነለትም፤ ዓይኑ ደግሞ ከቀን ወደ ቀን እየደከመ ነበር።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ወሬ ሰምቶ መጣ።

"ስንት ክፍል ነው?"

"አሥራ አንድ።"

"ትርፍ ቤት ነዋ። የማን ነው?"

"የሰፊው ሕዝብ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር" አለ አባቴ ኮስተር ብሎ።

ሰውየው ሊቆጣ አስቦ በመስኮቱ አጮለቀ። ጠምዛዛውን ደረጃ አየ፤ ጥፍር የማታክለውን የበር እጀታ ቢነካት ዞረችለት። ሲያይ ቆይቶ የቀበሌ ስብሰባ አመለጠው፣ ምንም ሳይጽፍም ወጣ።

መተማን በእግሬ አለፍኩ። ካርቱም ላይ ከሰፈራችን በላይ ያለውን የቁስቋምን ብርድ እየተመኘሁ ሁለት ዓመት ተቀቀልኩ። ለንደን ስገባ ግን የአባቴ ቤት መንገዱን ሙሉ ተደርድሮ ጠበቀኝ። ያው ወደ ውጭ ወጣ ያለ መስኮት፣ ያው የጣሪያ ጌጥ። ከአንዲት ካርድ ልኩን እንዴት አገኘው? ቆሜ አለቀስኩ። እኛ ሰፈር ቢሆን ሦስት እናቶች ከብበው ምን ሆንክ ይሉኝ ነበር፤ እዚያ ዞር ብሎ ያየኝ የለም።

አጎቴ ባገናኘኝ ቤት ክፍል ያከራየችኝ አሮጊት፣ ላንድሌዲ ይሏታል፣ ስኳር በሌለው ሻይ ላይ ወተት አፍስሳ ሰጠችኝ። የቤቱን ጀርባ ማየት እችላለሁ ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

"ክፍልህ እኮ ከፊት ነው።"

"ለአባቴ ነው።"

"አባትህም ሊመጣ ነው?"

"የለም፣ ጀርባውን ብቻ ነው የሚፈልገው።"

ትክ ብላ አየችኝና ወሰደችኝ። ራቁቱን የቀረ ጡብ፣ ቱቦ፣ የቆሻሻ በርሜል። አንድ ጌጥ የለም። "ጀርባን ማን ያያል?" አለችኝ።

ወደ ጎረቤታችን ስልክ በደብዳቤ ቀጠሮ ይዤ ደወልኩ። መጀመሪያ ያነሳችው እናቴ ናት። ዓይኑ ሳይከዳው ብሎ ጀርባውን በግምት እንደጨረሰው፣ ልክ እንደ ፊቱ አንድ የጌጥ አበባ ሳያጎድል እንደቀረጸው ነገረችኝ። ከዚያ አባቴ ተቀበላት።

"አየኸው?"

ልዋሸው ፈለግሁ፤ አቃተኝ። "አየሁት አባዬ። ባዶ ነው። ጡብና ቱቦ ብቻ።"

 

"እንግዲያው አልጨረሱትም" አለ፣ በእንግሊዞቹ እያዘነ። "የኛው አልቋል። መጥተህ እየው።"

እሺ አልኩት። በእጄ ያለው የስደተኛ ፓስፖርት ከአንድ አገር በቀር ለሁሉም አገር ይሠራል።